ከቀዶ ሕክምና በፊት የታመመውን ፓራታይሮይድ ዕጢ መፈለግ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሱ ታካሚዎች ዝርዝር መመሪያ

የደም ምርመራዎ ካልሲየም ከፍ ብሎ አሳይቷል። ፒቲኤች የሚባለው ሆርሞንም አብሮ ከፍ ብሏል። ሐኪምዎ «ፓራታይሮይድ ነው፤ ቀዶ ሕክምና ያስፈልግዎታል» ብሎዎታል። አሁን የቀረው ጥያቄ ይኸኛው ነው፦ የታመመው ዕጢ የትኛው ነው? የትስ ነው የተቀመጠው?

ይህ መመሪያ ለዚያ ጥያቄ ነው፤ በተለይ ደሴ፣ ኮምቦልቻና ዙሪያው ላላችሁ። እዚሁ የሚሠራ ምርመራ አለ። አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድም አለ። ተራውን ያልያዘ ሰው 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ «ይሄን ደም መጀመሪያ አሠርተህ ና» ተብሎ ይመለሳል። ገንዘቡ አለቀ፣ ወገቡ ተቆረጠ፣ በሽታው ግን ያው እንዳለ ነው። የሚያናድደኝ ይህ ድካም በቀላሉ ሊቀር የሚችል መሆኑ ነው።

ፓራታይሮይድ ዕጢዎች አንገት ላይ፣ ከታይሮይድ ጀርባ ተለጥፈው የሚገኙ ናቸው። አብዛኛው ሰው አራት አለው፤ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ። ጤነኛው አንዱ የምስር ፍሬ ቢያክል ነው፤ ክብደቱም ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም አካባቢ ነው። ሥራቸው ፒቲኤችን እያመነጩ በደም ውስጥ ያለውን ካልሲየም መቆጣጠር ነው። አንዱ ልጓሙን ሲበጥስ ካልሲየሙን ከአጥንት እያወጣ ደም ውስጥ ይለቃል። አጥንት ይሳሳል። ኩላሊት ጠጠር ይቋጥራል። ሆድ ይደርቃል፣ ጥም ይበዛል፣ ሰውነት ይዝላል፣ ሰውም ያለ ምክንያት ይከፋዋል።

ከ100 ታካሚ ከ80 እስከ 85 በሚሆኑት ላይ ያበጠው አንድ ዕጢ ብቻ ነው። በቀሩት ሁለት፣ ሦስት ወይም አራቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ካንሰር ሆኖ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው፤ ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። ያ አንድ ዕጢ የት እንዳለ አስቀድሞ ከታወቀ ቀዶ ሐኪሙ በአንድ በኩል፣ በአጭር ቅድ ገብቶ ያወጣዋል። ካልታወቀ አራቱንም እየፈለገ ማየት ግድ ይለዋል።

ዕጢው ደግሞ ሁልጊዜ ቤቱ አይገኝም። ጽንስ ላይ ሳለን ከላይ ተነስቶ ወደ አንገት የሚወርድ ነውና መንገድ ላይ ሊቀር፣ አልፎም ደረት ውስጥ ሊገባ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ቻርልስ ማርቴል የሚባል የመርከብ ካፒቴን ነበር። አጥንቱ እየተሰባበረ ቁመቱ አጥሮ፣ ዕጢው ፍለጋ ስድስት ጊዜ ተቀዶ አልተገኘም። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1932፣ በሰባተኛው ላይ ነው፤ ደረቱ ውስጥ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ዛሬ ያሉት ምርመራዎች እንዲህ ያለው ነገር እንዳይደገም ነው የሚሠሩት።

ወደ ደረጃዎቹ ከመግባታችን በፊት ግን አንድ ነገር ላይ እንግባባ። በሽታው መኖሩን የሚናገረው ደም ነው። ምስል የሚናገረው ቦታውን ብቻ ነው። አልትራሳውንዱ «ምንም የለም» ቢል ደምዎ ግን ከመሰከረ በሽታው አለ። አልትራሳውንዱ አንድ ነገር ቢያሳይና ደምዎ ጤናማ ቢሆን ደግሞ በምስሉ ብቻ ቀዶ ሕክምና አይደረግም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው።

ደረጃ 1፦ ደሙን በደንብ ያረጋግጡ

አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ የታየ ካልሲየም አይበቃም። ቢያንስ ሁለት ጊዜ መታየት አለበት። ካልሲየምና ፒቲኤች ደግሞ በአንድ ቀን፣ በአንድ ጊዜ ከተወሰደ ደም ይሠሩ። የጥርን ካልሲየም ከሚያዝያ ፒቲኤች ጋር ማስተያየት አሳሳች ነው።

የካልሲየም ጤናማ መጠን በብዙ ላብራቶሪ ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው። በሚሊሞል ከተጻፈ በ4 ያባዙት፤ ይቀራረባል። የፒቲኤች አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 65 ፒኮግራም በሚሊሊትር ነው። የራስዎ ላብራቶሪ ወረቀት ላይ ያለውን መጠን ግን ያስቀድሙ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሸወድበት ነገር አለ። ካልሲየም 11.4 ሆኖ ፒቲኤች 55 ቢመጣ «ፒቲኤችህ ኖርማል ነው፣ ሂድ» ሊባል ይችላል። ልክ አይደለም። ካልሲየም ከፍ ሲል ጤነኛ ዕጢ ዝም ማለት፣ ሆርሞኑም ወደ ታች መውረድ አለበት። ካልሲየም ከፍ ብሎ ሆርሞኑ መሐል ላይ ከቆመ ያ ራሱ ሕመም ነው።

ተቃራኒውም አለ። ፒቲኤች ከፍ ብሎ ካልሲየም ዝቅ ያለ ወይም ጤናማ ከሆነ ቆም ይበሉ። ፀሐይ በማይጠፋበት አገራችን የቫይታሚን ዲ እጥረት ብዙ ነው። ቫይታሚን ዲ ሲጎድል፣ ወይም ኩላሊት ሲደክም፣ ዕጢዎቹ ተገደው ብዙ ሆርሞን ያመነጫሉ። ይህ ሌላ ችግር ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። ስለዚህ ቫይታሚን ዲ እና የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬቲኒን ሳይታዩ ወደ ምስል አይሂዱ።

አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲንም አብሮ ይሠራ። ካልሲየም በደም ውስጥ ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ ስለሚዞር አልቡሚን ሲቀንስ ካልሲየሙ ያነሰ መስሎ ይታያል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ከ4 ላይ አልቡሚንዎን (በግራም በዴሲሊትር) ይቀንሱ፣ በ0.8 ያባዙ፣ ካልሲየሙ ላይ ይደምሩ። ካልሲየም 10.2፣ አልቡሚን 3 ከሆነ እውነተኛው 11 ነው ማለት ነው።

አሁን ስለ አወሳሰዱ ላስረዳ። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ውጤት ያበላሻል። ክንድዎ ላይ የሚታሰረው ላስቲክ ብዙ ከቆየ፣ እርስዎም ጡጫዎን እየጨበጡ ከፈቱ፣ ካልሲየሙ ያለ ቦታው ከፍ ይላል። እጅዎን ዘና ያድርጉ። ፒቲኤች ቶሎ የሚበላሽ ሆርሞን ነው። ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ሲወሰድ ይሻለዋል፤ በዚያ ቱቦ ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ካልሲየም ግን ከዚያ ቱቦ ፈጽሞ አይሠራም፤ ውስጡ ያለው ኬሚካል ካልሲየሙን ይይዘዋል። እናም ሁለት የተለያየ ቱቦ መሆን አለበት። ፒቲኤች እዚሁ ይሠራል ወይስ ወደ አዲስ አበባ ይላካል? ይጠይቁ። የሚላክ ከሆነ ደሙ ወዲያው ተጣርቶ፣ ቀዝቅዞ መሄድ አለበት። ሙሉ ቀን ጠረጴዛ ላይ ውሎ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ የተጫነ ናሙና እውነቱን አይነግርዎትም።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይናገሩ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ካልሲየም ከፍ ያደርጋል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየምም እንዲሁ። ለፀጉርና ለጥፍር ብለው ባዮቲን የሚውጡ ሰዎች ደግሞ አሉ፤ እሱ በአንዳንድ ማሽን ላይ ፒቲኤችን ዝቅ አድርጎ ያሳያል። ከምርመራው በፊት ቢያንስ 3 ቀን ያቁሙት። የግፊቱንና የአእምሮውን መድኃኒት ግን በራስዎ አያቁሙ፤ የሚቀይረው ሐኪሙ ነው።

ደረጃ 2፦ የ24 ሰዓት ሽንት

ይህን ብዙዎች ይዘሉታል። አሰልቺ ምርመራ ነው፤ አውቃለሁ። ግን አንድ ትልቅ ስህተት ያስቀራል። በዘር የሚወረድ፣ ካልሲየምን በመጠኑ ከፍ የሚያደርግ፣ ጉዳት የሌለው ሁኔታ አለ። የደም ውጤቱ ከፓራታይሮይድ በሽታ ጋር ይመሳሰላል። ቀዶ ሕክምና ግን ምንም አይፈይድለትም። የሚለየው በሽንት ነው፤ እነዚህ ሰዎች ሽንታቸው ውስጥ የሚወጣው ካልሲየም በጣም ጥቂት ነው።

አሰባሰቡ እንዲህ ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይሽኑና ያንን ይድፉት። ከዚያ ጀምሮ ቀንም ሌሊትም የሚሸኑትን በሙሉ ዕቃው ውስጥ ያጠራቅሙ። በማግስቱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ጨምረው ይዝጉ። አንድ ጊዜ እንኳ ውጭ ከሸኑ ከአዲስ መጀመር ይሻላል። ዕቃውን ላብራቶሪው ከሰጠዎት እሱን ይጠቀሙ፤ ውስጡ አሲድ ሊኖር ስለሚችል አያጥቡት፣ እጅዎንም አያስገቡ። ካልሰጡዎት ጠይቀው፣ ከፈቀዱ፣ በደንብ የታጠበና የደረቀ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ሁለት ያዘጋጁ። ጥላ ያለበት ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ። የደሴ ብርድ እዚህ ላይ ያግዛል፤ ኮምቦልቻ ላይ ግን ጠንቀቅ ይበሉ።

ከቤት የማይወጡበትን ቀን ይምረጡ። የገበያ ቀን፣ የለቅሶ ቀን፣ የጉዞ ቀን አይሆንም። በረመዳንም ከሆነ ወይ ከዒድ በኋላ ያድርጉት፣ ወይ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ ውለው የሰበሰቡት ሽንት የተለመደውን ሁኔታዎን አያሳይም። ሽንቱን በሚያስረክቡበት ቀን ካልሲየምና ክሬቲኒን ከደምም ከሽንትም ይሠሩ። ሐኪሙ አራቱን ቁጥሮች ይዞ ምጣኔ ያወጣል። ምጣኔው ከ0.01 በታች ከሆነ ያ በዘር የሚመጣው ሁኔታ ይጠረጠራል፤ ከ0.02 በላይ ከሆነ የዕጢ በሽታ መሆኑ ይጎላል። ቫይታሚን ዲ የጎደለው ሰው ላይ ምጣኔው ያለ አግባብ ሊያንስ ስለሚችል በጥንቃቄ ነው የሚነበበው።

ደረጃ 3፦ ከምስሉ በፊት ቀዶ ሐኪሙን ያግኙ

ሰው የሚያደርገው በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ምስሉን ሁሉ ያነሳል፤ ከዚያ ፎልደር ይዞ ቀዶ ሐኪም ይፈልጋል። የእኔ ምክር መጀመሪያ ሐኪሙን፣ ከዚያ ምስሉን ነው። ምስሉን እንደ ካርታ የሚጠቀምበት እሱ ነው፤ የትኛው ምርመራ እንደሚያስፈልገውም የሚያውቀው እሱ ነው። በዚህ ሙያ የተካኑ ሰዎች ሲናገሩ፣ ከሁሉ በፊት ሊፈለግ የሚገባው ልምድ ያለው ቀዶ ሐኪም ነው ይላሉ። አምንበታለሁ። «ፓራታይሮይድ ስንት ጊዜ ሠርተዋል?» ብሎ በትህትና መጠየቅ ነውር የለውም።

ከደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወይም ከሚታከሙበት ሌላ ተቋም የሪፈር ወረቀት ይያዙ። የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ከሆኑ ደግሞ ይህ ወረቀት ዋጋ አለው፤ የሪፈር ሰንሰለቱን ዘልለው ከሄዱ ወጪው ላይሸፈንልዎት ይችላል።

ለሐኪሙ ሦስት ነገር ሳይጠየቁ ይንገሩ። በፊት የእንቅርት ቀዶ ሕክምና ተደርጎልዎት ከሆነ የዚያን ጊዜውን ወረቀት ይዘው ይቅረቡ። ድምፅዎ ከጎረነነ ወይም ከተለወጠ ይናገሩ፤ የድምፅ አውታርዎ በመሣሪያ መታየት ይኖርበታል። በቤተሰብ ውስጥ ካልሲየም የበዛበት ወይም ኩላሊቱ በተደጋጋሚ ጠጠር የሚቋጥር ሰው ካለ፣ ወይም እርስዎ ገና ወጣት ከሆኑ፣ ከአንድ በላይ ዕጢ ታምሞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ አራቱንም ማየት ስለሚመረጥ የምስሉ ጥቅም ያንሳል።

ደረጃ 4፦ የአንገት አልትራሳውንድ

መጀመሪያ የሚሠራው ምስል ይህ ነው። ጨረር የለውም። መጾም አያስፈልገውም። ነፍሰ ጡርም ብትሆን ትሠራለች። ወጪውም ከሌሎቹ ያነሰ ነው። ደግሞም ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አልትራሳውንድ አይጠፋም።

ጥያቄው ማን ይሠራዋል የሚለው ነው። ምክንያቱም ይህ ምርመራ ማሽኑን ያህል በባለሙያው እጅ ላይ ይወሰናል። የለመደ ሰው ከ10 ታካሚ ሰባት ስምንቱ ላይ ያገኘዋል። ያልለመደ ሰው ታይሮይዱን ብቻ አይቶ «ደህና ነው» ብሎ ይሰዳል። ስለዚህ የሐኪሙ ማዘዣ ላይ «የአንገት አልትራሳውንድ» ብቻ ተብሎ እንዳይጻፍ። «ፓራታይሮይድ ፍለጋ» ይባል፤ የካልሲየሙና የፒቲኤቹ ቁጥርም አብሮ ይጻፍ። የሚፈልገውን የሚያውቅ ዓይን ሌላ ነው።

ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ልንገርዎት። ሻርፕና የአንገት ሐብል ይወልቃል። ሴቶች አንገታቸው በደንብ የሚከፈት ልብስ ቢለብሱ ይመቻል። ከትከሻ ሥር ትራስ ይገባል፤ ጭንቅላት ወደ ኋላ ዘንበል ይላል። ቀዝቃዛ ጄል ይቀባል። «እማማ፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉልኝ። እንደሱ። አሁን ምራቅዎን ዋጥ ያድርጉ» ይላል ባለሙያው። ሲዋጥ አንገት ውስጥ ያለው ሁሉ ወደ ላይ ከፍ ስለሚል፣ ከአጥንቱ ሥር የተደበቀ የታችኛው ዕጢ ብቅ ይላል። እንዲህ የሚያስውጥዎት፣ አንገትዎን ወደ ቀኝም ወደ ግራም የሚያዞር፣ ከመንጋጋ ሥር እስከ ደረት አጥንት ወርዶ የሚያይ ባለሙያ ካገኙ ጥሩ እጅ ላይ ነዎት። ፕሮቡ፣ ማለትም አንገት ላይ የሚንሸራተተው መሣሪያ፣ ቀጥ ያለው፣ ለአንገትና ለጡት የሚውለው መሆን አለበት፤ ለሆድና ለእርግዝና የሚውለው ክብ አፍ ያለው ይህን አያሳይም።

ስክሪኑ ላይ ታይሮይድ ነጣ ያለ ግራጫ ነው። ያበጠው ፓራታይሮይድ ከጀርባው ጠቆር ብሎ፣ ሞላላ ሆኖ ይታያል። የደም ዝውውር ቀለም ሲበራ ከአንድ ጫፉ የሚገባ ቀጭን የደም ሥር ይታያል፤ ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ንፍፊት ግን መሐሉ ላይ ነጣ ያለ እምብርት አለው።

አሁን የእኛን አገር ሰው በተለይ የሚመለከት ነገር። በደጋማው አገራችን እንቅርት ብዙ ነው። የእንቅርት ጓል (እብጠት) ያለበት ታይሮይድ ከኋላ ያለውን ዕጢ ይሸፍናል። አንዳንዴም ወደ ኋላ የወጣ ጓል ራሱ ፓራታይሮይድ ይመስላል። ስለዚህ ሪፖርቱ ስለ ታይሮይዱም መናገር አለበት። ታይሮይዱ ላይ መነሳት ያለበት ጓል ካለ ሁለቱም በአንድ ቀዶ ሕክምና ሊሠሩ ይችላሉ፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስቀራል።

አንገት ላይ ማንኛውም ነገር ሲታይ «ኤፍ ኤን ኤ ይሠራ» ማለት ልማድ ሆኗል፤ በመርፌ መምጠጥ ማለት ነው። ለታይሮይድ ጓል ጥሩ ምርመራ ነው። ፓራታይሮይድ ነው ተብሎ የተጠረጠረን ነገር ግን ቀዶ ሐኪሙ ሳያውቅ በመርፌ አያስወጉ። ሴሉ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከታይሮይድ ጋር ይምታታል። መርፌው ጠባሳ ጥሎ ቀዶ ሕክምናውን ያከብዳል። ካንሰር ከሆነ ደግሞ፣ ብርቅ ቢሆንም፣ ሊረጭ ይችላል።

ሪፖርቱን ሳይቀበሉ አይውጡ፤ ተቀብለውም ያንብቡት። ቀኝ ነው ግራ? የላይኛው ነው የታችኛው? በሚሊሜትር ስንት ነው? ከታይሮይዱ ጀርባ ነው ወይስ ከሥሩ? እነዚህ ካልተጻፉ ተመልሰው በአክብሮት ይጠይቁ። ምስሉንም በወረቀት ያሳትሙ።

አልትራሳውንድ የማያየው ቦታ አለ። አየርና አጥንት አያሳልፉትም። ከመተንፈሻ ቱቦ ጀርባና ደረት ውስጥ የተደበቀውን አያገኝም። እዚህ ላይ ነው ቀጣዩ የሚመጣው።

ደረጃ 5፦ ሴስታሚቢ ስካን

ይህ የኑክሌር ሕክምና ምርመራ ነው። ደሴ ላይ ዕጢውን በአልትራሳውንድ ያገኘ ሰው እንኳ፣ ሁለተኛ ምስክር እንዲሆን ብዙ ጊዜ ይታዘዝለታል። አዲስ አበባ ውስጥ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የኑክሌር ሕክምና ክፍል አለው።

ቴክኒሽየም 99ኤም የተባለ ጨረር ሰጪ ነገር ሴስታሚቢ ከሚባል መድኃኒት ጋር ተዋህዶ በደም ሥር ይሰጣል። መድኃኒቱ መጀመሪያ የተሠራው ለልብ ምርመራ ነበር። ታይሮይድም ፓራታይሮይድም ይወስዱታል። ታይሮይድ ግን ቶሎ ይለቀዋል፤ የታመመው ፓራታይሮይድ ይዞት ይቆያል። ስለዚህ ምስሉ ሁለት ጊዜ ይነሳል። አንዱ መርፌው በተወጋ በ10 ወይም በ15 ደቂቃ፣ ሌላው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ። በሁለተኛው ላይ ሳይጠፋ የቀረው ነጥብ ነው የሚፈለገው። ካሜራው ዙሪያዎን እየዞረ በሦስት አቅጣጫ የሚያነሳ ከሆነ፣ ከሲቲም ጋር ከተዋሃደ፣ ቦታውን አጥርቶ ያሳያል። ደረት ድረስ እንዲነሳ ይጠይቁ።

ከመነሳትዎ በፊት ይደውሉ። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። ቴክኒሽየም የዕድሜ አጋማሹ 6 ሰዓት ነው፤ በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው፤ ተገዝቶ መደርደሪያ ላይ አይቀመጥም። የሚወጣው ሞሊብዲነም ከያዘ ዕቃ ሲሆን የእሱም የዕድሜ አጋማሽ 66 ሰዓት ብቻ ነው። በየጊዜው ከውጭ ካልገባ ያልቃል። «ማሽኑ ይሠራል? መድኃኒቱ ገብቷል? ለፓራታይሮይድ የሚሆነው ሴስታሚቢ አለ? ቀጠሮዬ መቼ ነው?» ብለው አራቱንም ይጠይቁ። ደሴ መናኸሪያ ሌሊት ተነስቶ፣ ከሚሴን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ጣርማ በርንና ደብረ ብርሃንን አልፎ ደርሶ «መድኃኒቱ አልቋል» መባል ያማል። አጥንትዎ የሳሳ ከሆነ ወይም ስብራት ካለብዎ፣ አቅም ከፈቀደ ከኮምቦልቻ በአውሮፕላን መሄድን ያስቡበት።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ሊሆኑ ይችላሉ ብለው ከጠረጠሩ ምርመራው መቅረት አለበት። የሚያጠቡ ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ። ጨረሩ ብዙ አይደለም፤ በሰዓታት ውስጥ እየጠፋ ይሄዳል። ውሃ አብዝተው ይጠጡ፣ ቶሎ ቶሎ ይሽኑ። በዚያ ቀን ግን ሕፃን ታቅፈው አይዋሉ፣ ነፍሰ ጡር አጠገብም አይቀመጡ። እናም በዚያው ቀን አውቶቡስ ላይ ከመሳፈር እዚያው ማደር ይሻላል።

ይህም ስካን ጉድለት አለው። የእንቅርት ጓል መድኃኒቱን ይዞ ስለሚቆይ ፓራታይሮይድ መስሎ ሊታይ ይችላል። ትንንሽ ዕጢዎችንና አራቱም ያበጡበትን ሁኔታ ብዙ ጊዜ ያልፋቸዋል።

ደረጃ 6፦ ሲቲ ስካን፣ አስፈላጊ ከሆነ ብቻ

ለፓራታይሮይድ የሚሠራው ሲቲ ከተለመደው የአንገት ሲቲ ይለያል። ያለ ቀለም አንዴ፣ ቀለሙ በተወጋ በ30 ሰከንድ አካባቢ አንዴ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አንዴ ይነሳል። የታመመው ዕጢ ቀለሙን ቶሎ ጠጥቶ ቶሎ ይለቃል፤ የሚታወቀው በዚህ ነው። ሲቲ ያለው ተቋም ሁሉ ይህን አሠራር አይከተልም። አንድ ዙር ብቻ የሚያነሳ ከሆነ ገንዘብዎን ያቆዩት።

ክሬቲኒንዎ ከፍ ካለ፣ ለቀለሙ አለርጂ ካለብዎ፣ ወይም ለስኳር በሽታ የሚሰጠውን ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ ይናገሩ። ታይሮይድዎ ከልክ በላይ የሚሠራ ከሆነም እንዲሁ፤ ቀለሙ አዮዲን አለበት። ጨረሩም ከባድ ስለሆነ ለወጣት ሰው መጀመሪያ የሚመረጥ ምርመራ አይደለም።

ኮሊን ፔት ስካን የሚባል አዲስ ምርመራም አለ። ትንንሽ ዕጢዎችን ከሴስታሚቢ በተሻለ ያገኛል። ለሕክምና ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሊጠይቅ ይችላል። ከደም ሥር በየቦታው ደም እየቀዱ ሆርሞኑ የበዛበትን ማግኘትም ይቻላል፤ ይህ ግን አንዴ ተቀዶ ላልተሳካለት ሰው የሚቀመጥ ነው።

ውጤቱ ሲመጣ

አልትራሳውንዱና ስካኑ አንድ ቦታ ከጠቆሙ በጣም ጥሩ ነው። ቦታው ልክ የመሆን ዕድሉ ከ90 በመቶ በላይ ስለሆነ ቀዶ ሐኪሙ በልበ ሙሉነት በአጭር ቅድ ይገባል።

አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ ካለ ለማስታረቅ አይሞክሩ። ሌላ ልምድ ያለው ሰው አልትራሳውንዱን ይድገመው። ካልጠራ ሲቲ ይታሰባል።

ሁለቱም ባዶ ሆነው ከመጡ ብዙ ሰው «እንኳን ነፃ ወጣሁ» ብሎ ወደ ቤቱ ይገባል። እባክዎን እንዲህ አያድርጉ። ባዶ ምስል ማለት ዕጢው ትንሽ ነው፣ ወይም ከአንድ በላይ ነው፣ ወይም የተደበቀ ነው። ልምድ ያለው ቀዶ ሐኪም ያለ ምስልም አራቱንም አይቶ ከ95 በመቶ በላይ ታካሚዎችን ያድናል። ምስል አለመገኘቱ ቀዶ ሕክምና ለመከልከል ምክንያት አይሆንም።

ይህ ሁሉ ሲሆን መጠበቅ የማይቻልበት ጊዜ አለ። ካልሲየም ከ14 በላይ ከሆነ፣ ወይም ሰውየው መቃዠት፣ ማስመለስና መፍዘዝ ከጀመረ፣ ምስል አይፈለግም። ወዲያው ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። መጀመሪያ በደም ሥር ፈሳሽ ያስፈልገዋል።

የሚይዙት ዕቃ

የደም ውጤቶች በቀን በቀን ተደርድረው፣ የሽንቱ ውጤት፣ የአልትራሳውንድ ሪፖርትና ፎቶ፣ የሪፈር ወረቀት፣ የመድኃኒቶችዎ ካርቶን፣ የድሮ ቀዶ ሕክምና ወረቀት። የስካንና የሲቲ ምስል ሪፖርቱ ብቻ አይበቃም፤ ሲዲውን ይቀበሉ። ቀዶ ሐኪሙ በራሱ ዓይን ማየት ይፈልጋል። ሁሉንም በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ካልሲየም የበዛበት ሰው ይረሳል፣ ይደክማል፤ ስለዚህ የሚጠይቅና የሚጽፍ አንድ ሰው አብሮዎት ይሂድ። መንገድ ላይ ውሃ አይለይዎት።

ለቀዶ ሐኪሙ የመጨረሻ ጥያቄ ይኑርዎት፦ «በቀዶ ሕክምናው መሐል ፒቲኤች ይለካል?» ሆርሞኑ ደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። ትክክለኛው ዕጢ ሲወጣ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከግማሽ በላይ ይወርዳል። ካልወረደ ሌላ የታመመ ዕጢ ቀርቷል ማለት ነው፤ እዚያው ፍለጋው ይቀጥላል። ይህ በማይገኝበት ቦታ ከሆነ፣ ሁለቱ ምስሎች መስማማታቸው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ካልሲየም ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ከንፈርና ጣት ላይ መደንዘዝ ወይም መውረር ከተሰማዎት ሳይውል ሳያድር ይታዩ። ድነዋል የሚባለው ካልሲየሙ ከ6 ወር በኋላም ልክ ሆኖ ሲገኝ ነው። ያንን ምርመራ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ ያሠሩት፤ ለእሱ አዲስ አበባ መሄድ አያስፈልግም።